በተራው የቆመ ወጣት፦ ከሸራ መርከብ ላይ ያየሁት

በቱሉ ዲምቱ በአንድ የወጣቶች አዳራሽ ለተማሪዎችና ለወላጆች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፤

ከዚህ አዳራሽ ደጃፍ ቆሞ ወደ አዳማው ፈጣን መንገድ የተመለከተ ሰው ኮንቴይነር የጫኑ ከባድ መኪኖች ሲመላለሱ ያያል። በኮንቴይነሮቹ ጎን ላይ ማርስክ፣ ኤምኤስሲ እየተባለ የተጻፈው የመርከብ ኩባንያዎች ስም ነው፤ ሣጥኖቹም ጂቡቲ ወደብ ላይ ከመርከብ የወረዱ ናቸው። እኛ የምንኖረው ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብለን ነው፤ ከጂቡቲም በባቡር ሐዲዱ ርቀት ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ እንርቃለን። ቢሆንም የምንማርበት ኮምፒዩተር፣ የለበስነው ልብስና ቤታችን የቆመበት ብረት አብዛኛው ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። ባሕሩን ሳናየው ከእርሱ ጋር የምንኖር ሰዎች ስለሆንን፣ በዚህ ደጋ ላይ ቆሜ ስለ መርከብ ባወራ ከመንገድ የወጣሁ አይመስለኝም።

ዛሬ የማወራላችሁ ግን ነፋስን በሸራ እየያዙ ስለሚጓዙ፣ ረጃጅም ደቀሎች ስላሏቸው የማሠልጠኛ መርከቦችና በእነርሱ ላይ ስለሚሠሩ ወጣቶች ነው። ደቀል የሚለው ቃል ለብዙዎቻችሁ አዲስ ሊሆን ይችላል፤ የመርከብ ሸራ የሚሰቀልበት ረጅም ምሰሶ ማለት ነው። ቃሉ ትናንት የመጣብን አይደለም፤ ትንቢተ ኢሳይያስንና ትንቢተ ሕዝቅኤልን በአማርኛ ያነበበ ሰው እዚያ ያገኘዋል። አዱሊስን የመሰለ ወደብ የነበረው፣ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በንጉሥ ካሌብ ጊዜ ሠራዊቱን በመርከብ አሳፍሮ ቀይ ባሕርን የተሻገረ ሕዝብ ለመርከብ ዕቃ ስም ያለው መሆኑ የሚያስገርም አይደለም። ስለዚህ ደቀል፣ መልሕቅ፣ ቃፊር (ፊት ቆሞ የሚመለከት ጠባቂ) እያልሁ ስናገር እንግዳ ቃል እንደምናገር አትቁጠሩብኝ።

የእንፋሎትና የነዳጅ ሞተር ከመጣ በኋላ የሸራ መርከብ ከንግድ ሥራ ቀስ በቀስ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1956 በርናርድ ሞርጋን የተባለ የለንደን የሕግ ባለሙያ የተረፉትን የማሠልጠኛ መርከቦች በአንድነት ለማሰባሰብ አስቦ፣ 20 መርከቦች ከእንግሊዝ ቶርቤይ ተነሥተው እስከ ፖርቱጋል ሊዝበን ተወዳደሩ። ነገሩ ለሸራ ዘመን የስንብት ሥነ ሥርዓት እንዲሆን የታሰበ ነበር፤ ነገር ግን የወጣቶቹ ደስታ ስንብቱን ወደ ልማድ ለወጠው፤ ውድድሩም እስከ ዛሬ አለ። ደንቡ በእያንዳንዱ መርከብ ላይ ካሉት ሠራተኞች ቢያንስ ግማሹ ከ15 እስከ 25 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ወጣቶች እንዲሆኑ ያስገድዳል። በቀዝቃዛው ጦርነት መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ1974፣ የሶቪየት ኅብረት መርከቦች ከምዕራባውያን መርከቦች ጋር አብረው የተጓዙ ሲሆን፣ ለአገሮች ወዳጅነት የላቀ አስተዋጽኦ ላደረገ መርከብ የሚሰጠውን ዋንጫ የወሰደው ክሩዘንሽተርን የተባለው የሶቪየት መርከብ ነበር። በውድድሮቹ መካከል ወጣቶች ከመርከብ ወደ መርከብ ተቀያይረው እንዲጓዙ የሚደረግበት ልማድም አለ፤ የማያውቀውን ቋንቋ ከሚናገር ልጅ ጋር አንድ ገመድ የጎተተ ሰው ያንን ሕዝብ በሩቁ ለመጥላት ይቸገራል ብዬ አምናለሁ።

እኔ ወደዚህ ነገር የገባሁት በ23 ዓመቴ፣ ኖርዌይ በርገን ከተማ ለሁለተኛ ዲግሪ ስማር ነው። በርገን ዝናቧ የማያባራ፣ ዓመቱን ሙሉ ሐምሌ የሆነ የሚመስልባት የወደብ ከተማ ናት። ወደ ትምህርቴ ስመላለስ ስታትስራድ ሌምኩል የምትባለውን ባለ ሦስት ደቀል መርከብ አያት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1914 በጀርመን አገር የተሠራች፣ 98 ሜትር ርዝመት ያላትና ሁሉም ሸራዎቿ ሲዘረጉ ከ2,000 ካሬ ሜትር በላይ የሚሸፍኑ ናት። የተሳፈርኩት ግን በእርሷ ላይ ሳይሆን ከእርሷ በምታንስ ሌላ መርከብ ላይ ነበር። ጉዞው የስምንት ቀን ሲሆን፣ ከበርገን ተነሥቶ የኖርዌይን ጠረፍ እየተከተለ ወደ ሰሜን እስከ ኦሌሱንድ የሚደርስና የሚመለስ ነበር። አርባ ያህል ወጣቶች ነበርን፤ ትንሹ 16 ዓመቱ ነው። መርከብ ላይ ወጥቶ የሚያውቅ ጥቂት ነበር፤ ባሕርን በቅርብ ያየሁበት ዘመን ሁለት ዓመት ያልሞላው ደግሞ እኔ ብቻ ነበርኩ።

የመጀመሪያው ቀን ያለፈው ገመዶችን በማጥናት ነው። በእንዲህ ዓይነት መርከብ ላይ ከመቶ በላይ ገመዶች አሉ፤ እያንዳንዱ ስምና ሥራ አለው፤ እያንዳንዱም በመርከቡ ዳር በተደረደሩት ካስማዎች ላይ የራሱ ቦታ አለው። ሸራ የሚያወጣው፣ ሸራ የሚሰበስበው፣ ሸራው የታሰረበትን አግዳሚ ወደ ነፋሱ የሚያዞረው ገመድ የተለያየ ነው። ይህንን በብርሃን ማወቅ አይበቃም፤ ሌሊት፣ ዝናብ እየዘነበ፣ በእጅ ዳስሶ ማግኘት ያስፈልጋል። በሁለተኛው ቀን ማታ ጉንጬን ከነፋሱ አዙሬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ካስማዎቹን ስቆጥር አንዱ መኮንን አይቶኝ ምንም ሳይናገር አጠገቤ ቆሞ አብሮኝ ቆጠረ።

ሥራው በሦስት ቡድን ተከፍሎ በተራ ይካሄዳል፤ አራት ሰዓት ሥራ፣ ስምንት ሰዓት ዕረፍት። የእኛ ቡድን ተራ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት፣ ቀንም በተመሳሳይ ሰዓት ነበር። በተንጠለጠለ የሸራ አልጋ ላይ ጎን ለጎን ተጨናንቀን እንተኛለን፤ ተራችን ሊደርስ ሲል የቀደመው ቡድን ልጅ መጥቶ በስማችን ይቀሰቅሰናል። ይህችን ነገር አስቡልኝ። አንተ ካልተነሣህ ሌላው አይተኛም፤ አራት ሰዓት በብርድ የቆመ ልጅ አንተን እየጠበቀ ነው። በቤቴ እናቴ ሦስት ጊዜ ጠርታኝ የማልነሣ ልጅ ነበርኩ፤ እዚያ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ሁለተኛ አልተጠራሁም፤ ማንም አላስፈራራኝም፤ የሚጠብቀኝን ሰው ፊት ስለማውቅ ብቻ ነው።

በተራችን ጊዜ ሥራው በየሰዓቱ ይቀያየራል። አንዱ መሪ ይይዛል፣ አንዱ ፊት ለፊት ሆኖ ቃፊር ይቆማል፣ አንዱ ከኋላ ሆኖ ሰው ወደ ባሕር ቢወድቅ ተንሳፋፊውን ለመጣል ይጠብቃል፣ ሌላው እሳት እንዳይነሣ የመርከቧን ሆድ ዞሮ ይፈትሻል። የቀረነው ሸራ ለማስተካከል ተዘጋጅተን እንቀመጣለን። ቃፊሩ መብራት ያየ እንደሆነ ደወል ይደውላል፤ በቀኝ ከሆነ አንድ ጊዜ፣ በግራ ከሆነ ሁለት ጊዜ፣ ፊት ለፊት ከሆነ ሦስት ጊዜ።

መስከረም አንድ ሊብት፣ የእንቁጣጣሽ ሌሊት፣ ቃፊር ሆኜ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። አገር ቤት ችቦው ሲለኮስ፣ ሰፈሩ ሲጨስ፣ ልጆቹ አበባ ለመልቀም በጧት ለመነሣት ሲያስቡ እየታየኝ ነበር። በኪሴ እናቴ የላከችልኝ ገብስ ቆሎ ነበረ፤ ከአጠገቤ ለሚያልፈው ሁሉ እያፈስሁ እሰጥ ነበር። በዚህ መካከል በግራ በኩል በጣም ደካማ የሆነች፣ አንዴ እየታየች አንዴ እየጠፋች የምትሄድ ብርሃን አየሁ። ኮከብ ትሆን ብዬ ተጠራጠርሁ፤ ተሳስቼ መርከቡን ሁሉ እንዳልረብሽ ፈራሁ። ከዚያም ሁለት ጊዜ ደወልሁ። መኮንኑ መነጽሩን አንሥቶ ረጅም ጊዜ አየና ጥቂት ወደ ቀኝ እንድንዞር አዘዘ። አንዲት ትንሽ የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ነበረች። የመርከቧ አፍንጫ ቀስ ብሎ ሲዞር ከእግሬ ሥር ተሰማኝ። እስከዚያ ዕድሜዬ ድረስ ያየሁትን ተናግሬ፣ የተናገርሁት ወዲያው ታምኖ፣ በቃሌ የብዙ ሰዎች መንገድ ሲለወጥ አይቼ አላውቅም ነበር። በትምህርት ቤትም በቤትም ተማሪ ነበርኩ፤ የምሰማ እንጂ የምደመጥ ሰው አልነበርኩምና፤ ማለት ድምፄን የሚሰማልኝ አልነበረም።

ስለ ደቀል መውጣት ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል፤ ስለዚህ እርሱንም ልናገር። የደኅንነት ቀበቶ ታጥቀን፣ ሁልጊዜ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል እንወጣለን፤ ነፋሱ ከገመድ መሰላሉ ጋር እንዲያጣብቀን ነው። መውጣቱ ያስፈራል፤ ግን እውነተኛው ትምህርት ያለው ከላይ ነው። ሸራው በታሰረበት አግዳሚ ሥር አንድ ገመድ ተንጠልጥሏል፤ የእግር ገመድ ነው። ሸራ ለመሰብሰብ አምስትና ስድስት ሰዎች በዚያ አንድ ገመድ ላይ ጎን ለጎን ቆመው በሆዳቸው አግዳሚው ላይ ይደገፋሉ። አንድ አዲስ ሰው በገመዱ ላይ በረገጠ ጊዜ ክብደቱ ገመዱን ይስበዋል፤ ቀድመው የቆሙትም ሰዎች እግር ከፍና ዝቅ ይላል። ስለዚህ ከመርገጥህ በፊት ጮኸህ መናገር ግዴታህ ነው፤ እነርሱም ሰምተናል ብለው እስኪመልሱ ድረስ እግርህን አታስቀምጥም። ስትወርድም እንዲሁ ነው። ያ 16 ዓመት የሆነው ልጅ፣ በምድር ላይ ሳለን ሰው ፊት ቀና ብሎ የማይናገር ዓይነ አፋር፣ ከሃያ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆኖ በሙሉ ድምፁ «ልረግጥ ነው!» ሲል ሰማሁት። ድምፅ የማውጣት ሥልጠና የሰጠው ሰው አልነበረም። ድምፁ ለሌሎቹ እግር አስፈላጊ ስለነበረ ወጣ።

አሁን ደግሞ በራሴ ጥፋት የደረሰውን ልንገራችሁ፤ ወደዚህ መድረክ ያመጣኝ በዋናነት እርሱ ነውና። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በረታ፤ አንዱን ሸራ የሚይዘውን ገመድ ካስማው ላይ የማሰሩ ሥራ የእኔ ሆነ። ገመዱ በካስማው ላይ ስምንት ቁጥር እየሠራ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይጠመጠማል። እኔ ቸኩዬ ሁለት ጊዜ ጠምጥሜ ተውሁት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሸራው ነፋስ ሲሞላ ገመዱ ተፈትቶ ሮጠ፤ ከኋላዬ ትርፉን ገመድ በእጇ እየጠቀለለች የነበረች ልጅ ገመዱን ለማስቆም ጨበጠችው፤ መዳፏም ተቃጠለ። ቆዳው ተገፍፎ ቀይ ሆኖ ያየሁት አሁንም ከዓይኔ አይጠፋም።

የገመድና የሸራ ኃላፊው ሽማግሌ ነበሩ። በመጀመሪያ የልጅቷን እጅ በቀዝቃዛ ውኃ አሳጥበው አሳሰሩ። ከዚያ ወደ እኔ መጥተው «ስንት ጊዜ ጠመጠምሽ?» አሉኝ። «ሁለት» አልሁ። «ስንት ያስፈልገው ነበር?» አሉኝ። «ሦስት» አልሁ። ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። እኔ ከዚያ ወዲያ ገመድ የሚያስነካኝ የለም ብዬ አሰብሁ፤ እውነቱን ለመናገር እንዲያ ቢሆን ደስ ባለኝ። በማግሥቱ ያው ሸራ ሊስተካከል ሲል፣ ከአርባ ሰው መካከል፣ ያንኑ ገመድ እንድይዝ እኔን በስሜ ጠሩኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ያዝሁት። እጇ የታሰረው ልጅ ከኋላዬ መጥታ ቆመች፤ ስጠመጥምም ድምፅ አውጥታ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለች ቆጠረችልኝ። ሦስት ካለች በኋላ አንድ ጊዜ ጨመርሁ። ከዚያ ቀን በኋላ በቀረው ጉዞ በመርከቧ ላይ ያለውን የእያንዳንዱን ሰው ገመድ እያየሁ አልፍ ነበር፤ ሰላይ ሆኜ ሳይሆን ጉዳዩ የእኔ ስለሆነ ነው።

ወላጆችና መምህራን፣ እኛ ብንሆን ምን እናደርግ ነበር? ልጁ ሳህን ከሰበረ ሳህን አይንካ እንላለን። ተማሪው የቤተ ሙከራ ዕቃ ካበላሸ ቤተ ሙከራው ይቆለፋል፤ ዕቃው በካርቶኑ ውስጥ አቧራ ይጠጣል። ከጉዳት ለመጠበቅ ብለን ኃላፊነትን እንነፍጋለን፤ ከዚያም ወጣቱ ኃላፊነት አይሰማውም ብለን በየስብሰባው እናዝናለን። ሽማግሌው ገመዱን የመለሱልኝ ነገሩን አቅልለው አይተውት አልነበረም፤ የተጎዳችውን ልጅ አስቀድመው አክመዋል፣ ጥፋቴንም በቁጥር አስነግረውኛል። በማግሥቱ ስይዝ ደግሞ ሁለት እርምጃ ርቀው ቆመው ነበር፤ ብስት ለመድረስ የሚበቃ ቅርበት ነው፤ እጄን ለመንካት ግን አይደርስም።

ሰሜናዊውን ጉዞ የሚያከብደው ስታድ የሚባለው ተራራማ የየብስ ጥግ ነው። የኖርዌይ ጠረፍ አብዛኛው በደሴቶች የተከለለ ስለሆነ መርከብ በደሴቶቹ መካከል ያለ ብዙ ማዕበል ይጓዛል፤ ስታድ ላይ ግን ደሴቶቹ ያልቁና መርከቡ ለውቅያኖሱ ይጋለጣል። ቦታው ከጥንት ጀምሮ በጣም የሚፈራ ከመሆኑ የተነሣ ኖርዌያውያን መርከቦች የሚያልፉበት ዋሻ በተራራው ሥር ለመቆፈር ለብዙ ዓመታት ሲመክሩ ኖረዋል። እዚያ ስንደርስ አብዛኛዎቻችን አዞረን፤ አስመለሰን። ዝንጅብል የያዘ ነበር፣ ደረቅ ዳቦ የያዘ ነበር፤ እኔን ያቆመኝ በቀዝቃዛ ውኃ የበጠበጥሁት በሶ ነው። ለሦስት ልጆች አካፈልሁ። የታመመ ሰው ከተራው አይቀርም ነበር፤ ቀለል ያለ ሥራ ይሰጠዋል እንጂ።

በዚያ ሁኔታ መሪ የያዝሁባት ሰዓት ከስምንቱ ቀን ሁሉ ትበልጥብኛለች። ትልቅ መርከብ መሪው ሲዞር ወዲያው አይታዘዝም፤ ጥቂት ይዘገያል። ጀማሪ ስላልታዘዘለት የበለጠ ያዞራል፤ መርከቡ ሲታዘዝ ደግሞ ከሚፈለገው አልፎ ይሄዳል፤ ያንን ለመመለስ በተቃራኒው ከልክ በላይ ያዞራል። ወደ ኋላ ዘወር ብዬ ስመለከት ከመርከቧ በስተኋላ የሚቀረው ነጭ አረፋ እንደ እባብ ተጠማዝዞ አየሁት፤ የሠራሁት ስሕተት ሁሉ በባሕሩ ላይ ተጽፎ ነበር። አብሮኝ መሪውን የያዘው ልጅ በኮምፓሱ ላይ ጥቂት ነጥብ ብቻ እየጠበቅሁ፣ ትንሽ አዙሬ እንድታገሥ ነገረኝ። ከሩብ ሰዓት በኋላ አረፋው ቀጥ አለ። በሌሊት ደግሞ የመብራት ማማዎቹ ይረዱናል፤ በዚያ ጠረፍ ማማው ብርሃኑን በቀለም ከፍሎ ያበራል፤ መርከቡ በደኅናው መስመር ላይ ከሆነ ነጭ ያያል፤ ከመስመሩ ወደ አንድ ወገን ከወጣ ቀይ፣ ወደ ሌላው ከወጣ አረንጓዴ። ሰዓቴ ሲያልቅ ተረካቢው መጣ። ርክክቡ ሥርዓት አለው፤ የምሄድበትን አቅጣጫ በቁጥር እነግረዋለሁ፣ እርሱ ያንኑ ቁጥር ጮክ ብሎ ይደግመዋል፣ እኔ ትክክል መድገሙን ሰምቼ ብቻ እጄን አነሣለሁ። ከዚያም ለመኮንኑ ማን መሪውን እንደያዘና ወዴት እንደምንሄድ እነግረዋለሁ። በመካከሉ መሪው ያለ ያዥ የሚቀርባት ቅጽበት የለችም።

ይህ ነገር የአንድ አገር ልማድ ብቻ አለመሆኑን በኋላ አነበብሁ። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1988 ለአውስትራሊያ በስጦታ የሰጠቻት ያንግ ኢንደቨር የምትባል መርከብ 24 ወጣቶችን ይዛ ትጓዛለች፤ ወደ ጉዞው መጨረሻ ወጣቶቹ ከመካከላቸው አዛዥ መርጠው ለ24 ሰዓት መርከቡን ራሳቸው ይመራሉ። ስፒሪት ኦፍ ኒው ዚላንድ በተባለችው መርከብ ላይ 40 ታዳጊዎች በአሥር ቀን ጉዞ ማብቂያ ተመሳሳይ ቀን አላቸው። ባለሙያዎቹ በዚያ ቀን ከመርከቡ አይወርዱም፤ ይቆማሉ፣ ያያሉ፣ አደጋ ካልመጣ በቀር አይናገሩም። ይህ ዝምታ ከባድ ሥራ መሰለኝ፤ ክፍል ውስጥ ሞክሬው ስለማውቅ ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን የነካኝ በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራችው ሎርድ ኔልሰን ናት። አካል ጉዳተኞችና ጉዳት የሌለባቸው ሰዎች እኩል ሠራተኛ ሆነው እንዲጓዙባት ታስባ የተሠራች ስትሆን፣ ተሽከርካሪ ወንበር የሚያነሡ አሳንሰሮችና ማየት ለተሳነው መሪ ያዥ አቅጣጫውን በድምፅ የሚነግር ኮምፓስ ነበራት። ዕቃውን ለሰው አስተካክለውታል፤ ከሰውየው የሚጠበቀውን ግን አልቀነሱም። በሰፈራችን በየኮንዶሚኒየሙ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ላይ ከቤት የማይወጡ አካል ጉዳተኛ ልጆች ያላችሁ ወላጆች እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ይህንን የተናገርሁት እናንተን እያሰብሁ ነው።

የባሕሩን አስፈሪነት መሸፈን ግን ሐቀኝነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1957 ፓሚር የተባለች የጀርመን የማሠልጠኛ መርከብ ገብስ ጭና ስትጓዝ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ በከባድ አውሎ ነፋስ ተገልብጣ፣ ከ86 ሰዎች 80ዎቹ አለቁ፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። በጆንያ ሳይሆን በልቅ የተጫነው እህል ወደ አንድ ጎን መንሸራተቱ ለመስጠሟ ምክንያት ከተባሉት አንዱ ነው። እነዚያ ልጆች ተራቸውን በሚገባ ቆመው ይሆናል፤ የጭነቱ ጉዳይ ግን የታላላቆቹ ነበር። ስለዚህ ኃላፊነት እንስጣቸው ስል ጥለናቸው እንሂድ ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ቀበቶው ተፈትሾ፣ ጭነቱ ታስሮ፣ የአየር ሁኔታው ተጠንቶ ነው ልጁ መሪውን የሚይዘው።

ለኢትዮጵያ ወጣት ባሕር ሩቅ ሕልም ነው የሚሉኝ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በተመሠረተው የባሕር ኃይል ውስጥ ከደጋው የተመለመሉ ወጣቶች ምጽዋ ወርደው ሠልጥነዋል፤ በ1962 ከአሜሪካ የመጣችውን «ኢትዮጵያ» የተባለች መርከብም ይዘው ተጉዘዋል። ዛሬም ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የባሕር ትምህርት ተመርቀው በዓለም አቀፍ መርከቦች ላይ በመኮንንነትና በመሐንዲስነት የሚሠሩ ልጆች አሉን፤ ከዚህ ብዙም በማይርቀው በቢሾፍቱ፣ በባቦጋያ ሐይቅ ዳርም የዚሁ ሙያ አካዳሚ አለ። በጣና ላይ ደግሞ ወጣቶች የደንገል ታንኳ ሲቀዝፉ ብዙ ዘመን ኖረዋል። መንገዱ የተዘጋ አይደለም፤ ከእናንተ መካከል ወደዚያ የሚሄድ እንደሚኖርም ተስፋ አደርጋለሁ። ነገር ግን ባሕር የማያየው ልጅ ከዚህ ትምህርት ውጭ ይሁን አልልም።

ወጣቱን «የነገ አገር ተረካቢ» ማለት እንወዳለን። ቃሉ በቅን ልብ የተነገረ ነው፤ ሆኖም ነገ የሚለው ሁልጊዜ ነገ ሆኖ ይቀራል። በመርከቡ ላይ የነገ የሚባል ልጅ አልነበረም፤ የዛሬ ሌሊት ተረኛ ነበር። በማስተምርበት ትምህርት ቤት ይህንን በትንሹ ለመሞከር ብለን ባለፈው ዓመት የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለተማሪዎች አስረከብን። በአራት ቡድን ተከፈሉ፤ ተራ አወጡ፤ የገባና የወጣ መጽሐፍ በመዝገብ እየሰፈረ፣ ርክክቡ በድምፅ እየተነበበ ይፈራረማሉ። በሁለተኛው ወር ስድስት የፊዚክስ መጻሕፍት ጠፉ። ቁልፉ ይመለስ የሚል ሐሳብ በመምህራን ስብሰባ ላይ ተነሣ፤ ሐሳቡን ያነሡት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ መጽሐፉ ውድ ነው፣ ተጠያቂነቱም በእነርሱ ላይ ነው። እኔ ስለ ገመዱ ነገርኋቸው። ረጅም ክርክር ከተደረገ በኋላ በዚያ ሳምንት ተረኛ የነበረው ቡድን ተጠርቶ ስንት መጽሐፍ እንደጎደለና በየትኛው ቀን መዝገቡ እንዳልተሞላ ራሱ እንዲናገር ተደረገ፤ ቁልፉም በዚያው ቡድን እጅ ቆየ። ልጆቹ ቤት ለቤት ዞረው አራቱን አገኙ። ሁለቱ እስከ ዛሬ አልተገኙም፤ በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የሁለቱ መጻሕፍት ርዕስ በቀይ ተጽፎ አለ፤ እያንዳንዱ አዲስ ተረኛ ሲረከብ ያነበዋል።

ዛሬ ይህንን አዳራሽ የከፈቱት፣ ወንበሩን የደረደሩትና መድረኩን የሚመሩት ከዚያ ቡድን የመጡ ሁለት ተማሪዎች ናቸው። የጥያቄው ጊዜ 40 ደቂቃ ነው፤ ወላጆች ከፊት፣ ተማሪዎች ከኋላ ሳይባል እጅ ላወጣ ሁሉ በቅደም ተከተል ዕድል ይሰጣል። አርባ ደቂቃ፣ በቅደም ተከተል። እባካችሁ ድገሙልኝና ድምፅ ማጉያውን ልስጣችሁ።